የፖሊግራፍ ምርመራ በሥራ ቅጥርና በጸጥታ ሠራተኞች ማጣራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በተለምዶ «የውሸት መመርመሪያ» የሚባለው ፖሊግራፍ ከወንጀል ምርመራ ባሻገር ሥራ አመልካቾችን፣ ፖሊሶችን፣ የጥበቃ ሠራተኞችንና የመረጃ መሥሪያ ቤት ባልደረቦችን ለማጣራት ያገለግላል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሊመረመሩ ቀጠሮ ከተያዘላቸው አመልካቾችም፣ መሣሪያውን ለመጠቀም ከሚያስቡ ቀጣሪዎችም የሚቀርቡ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?

የሚለካው የሰውነትን ምላሽ ነው። በደረትና በሆድ ዙሪያ የሚታሰሩ ሁለት ቱቦዎች አተነፋፈስን ይከታተላሉ፤ በክንድ ላይ የሚጠመጠመውና ሐኪም ቤት ከምናውቀው ጋር አንድ ዓይነት የሆነው የደም ግፊት መለኪያ የልብ ምትንና የግፊት ለውጥን ይመዘግባል፤ በጣቶች ላይ የሚደረጉ ትንንሽ የብረት ሳህኖች ደግሞ ቆዳ በላብ ምክንያት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ሲለዋወጥ ያሳያሉ። ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ተመርማሪው ሆን ብሎ ሰውነቱን ቢያንቀሳቅስ የሚያጋልጥ፣ በመቀመጫው ላይ የሚነጠፍ መዳሰሻም አላቸው። ጆን ላርሰን በ1921 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ከተማ ፖሊስ ውስጥ መሣሪያውን ከሠራ ወዲህ የላብ መለኪያው ተጨምሯል፣ በቀለም የሚጽፈው ብዕርም በኮምፒውተር ስክሪን ተተክቷል፤ መሠረታዊው አሠራር ግን ያው ነው።

ሁሉም ክርክር የሚመነጨው ከአንድ ነጥብ ነው። ሰው ሲዋሽ ብቻ የሚታይ፣ ሲፈራ፣ ሲናደድ ወይም ሲያፍር ግን የማይታይ የሰውነት ምልክት እስካሁን አልተገኘም። ልቡ በፍጥነት የመታው ስለዋሸ ይሁን ሥራው እንዳያመልጠው ስለሰጋ ግራፉ አይለይም፤ ለይቻለሁ የሚለው ግራፉን የሚያነበው መርማሪ ነው።

ምርመራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይካሄዳል?

በጠቅላላው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ሽቦው ተያይዞ የሚያልፈው ጊዜ ግን ከዚህ ውስጥ አነስተኛው ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በቅድመ ምርመራ ቃለ መጠይቅ ነው። መርማሪው ስለ ጤና፣ ስለ እንቅልፍና ስለሚወሰድ መድኃኒት ይጠይቃል፤ በማመልከቻ ቅጹ ላይ የተሞላውን መልሶ ያነሳል፤ በመጨረሻም ሽቦው ከተያያዘ በኋላ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ያነብለታል። ያልተጠበቀ ጥያቄ ማንንም ስለሚያስደነግጥ በዋናው ክፍል ውስጥ አዲስ ጥያቄ አይመጣም።

ብዙ መርማሪዎች ወደ ዋናው ከመግባታቸው በፊት አንድ የማለማመጃ ሙከራ ያደርጋሉ። ተመርማሪው ከጥቂት ቁጥሮች አንዱን መርጦ በወረቀት ላይ ይጽፍና ስለ እያንዳንዱ ቁጥር ሲጠየቅ «አይደለም» እንዲል ይታዘዛል። ከዚያ መርማሪው ግራፉን እያሳየ «ይኸው፣ 4 ላይ ሲደርሱ ሰውነትዎ ተናገረ» ይላል። ቁጥሩን መርማሪው አስቀድሞ የሚያውቅበት ጊዜም አለ። የዚህ ሙከራ ዓላማ መሣሪያው እንደማይሳሳት ተመርማሪውን ማሳመን ነው፤ መርማሪዎቹም ይህ እምነት ከሌለ ምርመራው እንደማይሠራ አይክዱም።

በዋናው ክፍል ጥያቄዎቹ በአዎንታ ወይም በአሉታ ብቻ የሚመለሱ ሲሆን፣ በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ 20 ሰከንድ ያህል ዝምታ ይኖራል። የክንዱ መጠምጠሚያ ተነፍቶ ብዙ ከቆየ እጅ ስለሚደነዝዝ አንዱ ዙር ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ አየሩ ይለቀቃል፣ ትንሽ ዕረፍት ይሰጣል፣ ያው ጥያቄ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ይደገማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ክፍል ብዙ አመልካቾች እንደ ተራ ማጠቃለያ ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን መርማሪው «እዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ነገር አስጨንቆዎታል፤ ምን አስበው ነበር?» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው፣ ከምርመራው የሚገኘው አብዛኛው መረጃም የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

መርማሪው አንዱን ጥያቄ ከሌላው ጋር ያነጻጽራል ሲባል ምን ማለት ነው?

በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ጆን ሪድ በ1947 ያስተዋወቀው የማነጻጸሪያ ጥያቄ ዘዴ ነው። ጉዳዩን በቀጥታ ከሚመለከቱት ጥያቄዎች ጎን «እምነት የጣለብዎትን ሰው ዋሽተው ያውቃሉ?» የሚል ዓይነት፣ ማንም ሰው በሙሉ ልብ «አላውቅም» ሊል የማይችለው ጥያቄ ይቀርባል። መርማሪውም እንዲህ ያለውን ነገር ያደረገ ሰው ለሥራው እንደማይሆን በማስመሰል ተመርማሪውን ወደ «አላውቅም» ይገፋዋል። ንጹሑ ሰው በዚህ አጠቃላይ ጥያቄ ይበልጥ ይጨነቃል፣ ጥፋተኛው ደግሞ በዋናው ጥያቄ ይበልጥ ይጨነቃል የሚል ግምት ነው ያለው።

ግምቱ ባልተሟላ ቁጥር ውጤቱ ይገለበጣል። ንጹሕ ሆኖ በዋናው ጥያቄ መጠርጠሩ ብቻ የሚያስደነግጠው ሰው አለ፤ የፈጸመውን ከባድ ነገር ለራሱ አሳምኖ በእርጋታ የሚያልፍም አለ። ከዚህ በተጨማሪ ዘዴው ራሱ ተመርማሪውን በማታለል ላይ የቆመ ስለሆነ አሠራሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው እንደማያውቀው ሰው ምላሽ ላይሰጥ ይችላል። ይህን መልስ ያነበበ ሁሉ ከእንግዲህ በዚያኛው ወገን ነው።

ለቅጥር የሚደረገው ምርመራ ለወንጀል ከሚደረገው በምን ይለያል?

ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በእኛ አስተያየትም በጉዳዩ ላይ የሚደረገው ውይይት በአብዛኛው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በወንጀል ምርመራ የታወቀ ድርጊት፣ የታወቀ ቀንና የታወቀ ቦታ አለ። «ሰኞ ሌሊት ከካዝናው ገንዘቡን ወስደዋል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚጠየቀውን ያውቃል፤ ወስዷል ወይም አልወሰደም። በቅጥር ማጣራት ግን የተፈጸመ ነገር የለም። ጥያቄው «ከባድ ወንጀል ፈጽመው ያውቃሉ?»፣ «ከቀድሞ ቀጣሪዎ ንብረት ወስደዋል?»፣ «ከባዕድ አገር ሰው ጋር ያልገለጹት ግንኙነት አለዎት?» የሚል ይሆናል። ከባድ የሚባለው የትኛው ነው? ከቢሮ ወደ ቤት የሄደ እስክሪብቶ ይቆጠራል? ራሱን አጥብቆ የሚመረምር ኅሊና ያለው ሰው በዚህ ጥያቄ የሕይወት ዘመኑን ሁሉ ሲበረብር፣ ግድ የሌለው ሰው «አላደረግሁም» ብሎ ያልፋል።

የሳይንሱ ማስረጃም ያው ልዩነት አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2003 ባወጣው ሰፊ ጥናት፣ በተወሰነ ድርጊት ላይ የሚደረግ ምርመራ ከግምት በእጅጉ የተሻለ፣ ከፍጹምነት ግን በጣም የራቀ መሆኑን ገልጾ፣ ለሠራተኞች ማጣሪያ ሲውል ደግሞ ትክክለኛነቱ ከዚያም ሊያንስ እንደሚችል አስገንዝቧል። ለወንጀል ምርመራ የተገኘን ቁጥር ይዞ ለቅጥር ማጣሪያ የሚሸጥ ድርጅት ካጋጠመዎት፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«90 በመቶ ትክክል ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ ካልበቃ ምን ሊበቃ ነው?

ቁጥሩ እውነት ነው እንበል እንኳ፣ ለማጣሪያ አይበቃም፤ ምክንያቱ የሚፈለገው ሰው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። የምርምር ምክር ቤቱ ያቀረበው ስሌት እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። 10,000 ሠራተኞች ያሉበት መሥሪያ ቤት ውስጥ 10 ሰላዮች አሉ እንበል። መሣሪያው ከ10ሩ 8ቱን እንዲይዝ ሆኖ ቢስተካከል፣ እስካሁን ከታየው የላቀ ትክክለኛነት ተሰጥቶት እንኳ፣ የሚወድቁት ሰዎች ወደ 1,600 ይደርሳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሰላዮቹ 8 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ንጹሐን ናቸው፣ 2 ሰላዮች ደግሞ አልፈው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማለትም «ወድቋል» ከተባሉት ከ200 ሰዎች አንዱ ብቻ ነው የሚፈለገው።

«እንግዲያው መመዘኛውን እናላላ» ቢባልስ? ንጹሐኑን ለማዳን መመዘኛው ሲላላ የሚወድቁት ቁጥር ወደ 40 ይወርዳል፤ ነገር ግን ከ10ሩ ሰላዮች 8ቱ ያልፋሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የትኛውም ቦታ ላይ ቢቆሙ አንዱን ጉዳት በሌላው መለወጥ ብቻ ነው። መሣሪያው ቢሻሻል፣ መርማሪው ቢሠለጥን ይህ ችግር ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን ከብዙ ሺህ ሰው መካከል አንድ ሁለቱን ለማግኘት በሚደረግ ማንኛውም ፍተሻ ውስጥ ያለ ስለሆነ በሥልጠና ብቻ አይጠፋም።

አመልካቾችን ሲያጣሩ ሁኔታው ትንሽ ይለያል፤ የሚፈለገው ሰላይ ሳይሆን አደንዛዥ ዕፅ የሞከረ ወይም ቅጹ ላይ የዋሸ ሰው ከሆነ ቁጥሩ ብርቅ አይደለምና ስሌቱም ያን ያህል አይከፋም። ቢሆንም «የወደቀ ሁሉ ዋሽቷል» ወደሚለው አያደርስም።

ሰላይ ሆነው ምርመራውን ያለፉ ሰዎች በእርግጥ አሉ?

አሉ፤ እነማን እንደሆኑም በሕዝብ ፊት የታወቀ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ የመረጃ ድርጅት (ሲአይኤ) ባልደረባ የነበረው አልድሪች ኤምስ ከ1985 ጀምሮ ለሶቪየት ኅብረት ይሰልል ነበር፤ በ1986ም በ1991ም ፖሊግራፍ ተመርምሮ አልፏል። የተያዘው በ1994 ነው። መርማሪዎቹን ወደ እርሱ የመራቸው አንዱ ዋና ፍንጭ የባንክ መዝገቡ ነበር፦ ከሶቪየት ዲፕሎማት ጋር በተገናኘ ማግስት በሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ሲገባ ታየ፣ የገዛው ቤትና መኪናም ከደመወዙ ጋር አይገናኝም ነበር። በመከላከያ መረጃ ድርጅት ትሠራ የነበረችው አና ሞንቴስም ለኩባ እየሰለለች በ1994 ምርመራውን አልፋለች፤ የተያዘችው በ2001 ነው።

በተቃራኒው የሚጠቀስ ጉዳይም አለ። ለሶቪየት ኅብረትና ለሩሲያ የሰለለው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ባልደረባ ሮበርት ሃንሰን በ2001 እስኪያዝ ድረስ አንድም ጊዜ ፖሊግራፍ አልተመረመረም፤ ቢሮውም ከዚያ በኋላ ምርመራውን ለብዙ ሠራተኞቹ አስፋፍቷል። ተመርምሮ ቢሆን ይያዝ ነበር የሚለው ግን፣ የኤምስን ታሪክ ላነበበ፣ ከምኞት ብዙም አያልፍም።

ታዲያ መንግሥታት ለምን አይተዉትም?

ሰዎች ስለሚናዘዙ ነው። መሣሪያው ውሸትን ይያዝ አይያዝ፣ ይይዛል ብሎ የሚያምን ሰው በቃለ መጠይቅ ወይም በቅጽ ላይ የማይናገረውን እዚያ ክፍል ውስጥ ይናገራል። በዩናይትድ ስቴትስ በ2010 የወጣ ሕግ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሕግ አስከባሪ አመልካቾቹን በሙሉ በፖሊግራፍ እንዲያጣራ ያስገድዳል። መሥሪያ ቤቱም አመልካቾች በምርመራው ወቅት ከኮንትሮባንድ እስከ ከባድ ወንጀል ድረስ ራሳቸው እንደተናገሩ በመግለጽ ለአሠራሩ ይከራከራል። ይህ ክርክር ዋጋ ቢስ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው መሣሪያ ታጥቆ ድንበር ላይ ባይቆም ይሻላል።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንድ አመልካች ቀድሞ ዕቃ በኮንትሮባንድ ማሳለፉን ቢናገር ማስረጃው ንግግሩ ነው፣ ሊጣራም ይችላል። ምንም ሳይናገር ግራፉ ተነሥቶ ብቻ የወደቀ አመልካች ግን በእጁ ላይ የተገኘ ነገር የለም። በዚሁ መሥሪያ ቤት ከአመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በፖሊግራፍ እንደሚወድቁ በ2017 ይፋ ሆኖ ብዙ ውዝግብ አስነሥቷል። የመጀመሪያውን ዓይነት ጥቅም እየጠቀሱ የሁለተኛውን ዓይነት ውሳኔ ማስተላለፍ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው።

የግል ቀጣሪ አመልካችን በፖሊግራፍ እንዲመረመር ማስገደድ ይችላል?

እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል። በዩናይትድ ስቴትስ በ1988 የወጣው የሠራተኞች የፖሊግራፍ ጥበቃ ሕግ አብዛኞቹ የግል ድርጅቶች አመልካቾችን እንዳይመረምሩ ይከለክላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሕጉ ውጪ ናቸው። ከግሎቹ ውስጥም የተወሰኑ የጥበቃ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ገንዘብ በተሸከርካሪ የሚያጓጉዙ ወይም የኃይል ማመንጫና የውኃ አቅርቦት ተቋማትን የሚጠብቁ፣ እንዲሁም ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች የሚያመርቱና የሚያከፋፍሉ ተለይተው ተፈቅዶላቸዋል። ሆኖም ለእነርሱም ቢሆን የምርመራው ውጤት ወይም አልመረመርም ማለት ብቻውን ለውሳኔ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሕጉ ተመርማሪው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲነገረው፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ፖለቲካ አመለካከት፣ ስለ ዘር ጉዳይ እምነቱ፣ ስለ ወሲባዊ ሕይወቱና ስለ ሠራተኛ ማኅበር አባልነቱ እንዳይጠየቅ፣ ምርመራውንም በፈለገበት ሰዓት ማቋረጥ እንዲችል ይደነግጋል። አንድ መርማሪ በቀን ከ5 ሰው በላይ መመርመር አይችልም፤ አንዱ ምርመራም ከ90 ደቂቃ ማነስ የለበትም። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ያለ ምክንያት አልገባም፤ በሩብ ሰዓት ሰው እየመረመሩ መሸኘት በሰፊው የተለመደ ነበርና።

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ1983 በወጣ ሕግ መሣሪያውን ለቅጥር ጉዳይ መጠቀም ክልክል ነው። በደቡብ አፍሪካ ጉዳዩን ለይቶ የሚገዛ ሕግ ባይኖርም፣ የሥራ ክርክርን የሚዳኘው የእርቅ፣ የሽምግልናና የግልግል ኮሚሽን የፖሊግራፍ ውጤት ብቻውን ሠራተኛን ጥፋተኛ ለማለት እንደማይበቃ፣ ሌላ ደጋፊ ማስረጃ እንደሚያስፈልገው አቋም ይዟል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ በፖሊግራፍ ሊመረመር እንደማይችል ወስኗል፤ ይህ የወንጀል ምርመራን የተመለከተ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1997 ያወጣው የሠራተኞች የግል መረጃ ጥበቃ የአሠራር መመሪያ ደግሞ ፖሊግራፍና መሰል መሣሪያዎች ፈጽሞ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ይመክራል፤ መመሪያው አስገዳጅ አይደለም፣ ነገር ግን የተለየ ሕግ በሌለበት አገር ለሚከራከር ሠራተኛ ጥሩ መነሻ ነው።

ፍርድ ቤቶች ውጤቱን ይቀበላሉ?

በአብዛኛው አይቀበሉም። በ1923 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመሣሪያውን ቀዳሚ የደም ግፊት ሙከራ ሳይንሱ ገና አልተቀበለውም ብሎ ውድቅ አድርጓል። የጀርመን ከፍተኛ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1998 ፖሊግራፍ ለማስረጃነት ፈጽሞ የማይሆን ነው ሲል፣ በዚያው ዓመት የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ያለውን ክልከላ አጽንቷል። አንድን ሌባ ለመቅጣት የማይበቃ ማስረጃ የአንድን ንጹሕ ሰው የሥራ ሕይወት ለመዝጋት እንዴት እንደበቃ የሚያስረዳን አላገኘንም።

መድኃኒት፣ ሕመም ወይም ተፈጥሯዊ ድንጉጥነት ውጤቱን ይለውጣል?

የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ የአተነፋፈስ ችግር፣ እርግዝና፣ የእንቅልፍ እጦት በግራፉ ላይ ሊታዩ ይችላሉ፤ በቅድመ ቃለ መጠይቁ ሳይደብቁ ይናገሩ፣ የሐኪም ማስረጃ ካለም ይያዙ። ድንጉጥነት ብቻውን አይጥልም ይባላል፤ ለሁሉም ጥያቄ እኩል የሚደነግጥ ሰው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነውና። ዋናው ጥያቄ ላይ ለይቶ የሚደነግጠውን ንጹሕ ሰው ግን ይህ መልስ አያድነውም።

መሣሪያውን ማታለል ይቻላል?

አንዳንድ ሰዎች በማነጻጸሪያው ጥያቄ ላይ ምላሻቸውን ሆን ብለው ከፍ በማድረግ እንደቻሉ በቤተ ሙከራ ታይቷል። አይመከርም። መርማሪዎቹ ይህንኑ ይጠባበቃሉ፣ የተጠረጠረ ሙከራም ራሱን ችሎ የመውደቂያ ምክንያት ይሆናል፤ በዩናይትድ ስቴትስ ለመንግሥት ሥራ የሚመረመሩ ሰዎችን እንዴት እንደሚያልፉ ያሠለጠነ የቀድሞ መርማሪ በ2015 የ2 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

በድምፅ ወይም በዓይን እንቅስቃሴ የሚመረምሩ አዳዲስ መሣሪያዎች ይሻላሉ?

በድምፅ ውጥረትን እንለካለን የሚሉት በገለልተኛ ሙከራዎች ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አልተሻሉም። ርካሽና ፈጣን መሆናቸው ይበልጥ አሳሳቢ ያደርጋቸዋል፤ ሰውየው መመርመሩን ሳያውቅ በስልክ ጭምር ሊደረጉ ይችላሉና። የዓይን መሣሪያዎቹም ያንኑ የቁጥር ችግር ይወርሳሉ።

ቀጣሪ ፖሊግራፍን ትቶ በምን ያጣራ?

አሰልቺ በሆኑ ነገሮች። የቀድሞ ቀጣሪን ደውሎ ማነጋገር፣ የትምህርት ማስረጃን ከሰጠው ተቋም ማረጋገጥ፣ ሕግ በሚፈቅደው መጠን የወንጀል ሪከርድን ማየት፣ ለገንዘብ ቅርብ በሆነ ሥራ ላይ የዕዳ ሁኔታን መጠየቅ፣ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ማድረግ። ከቅጥር በኋላ ደግሞ ቁልፍና ፊርማን ለሁለት ሰው መክፈል፣ የሙከራ ጊዜን በእውነት መጠቀም፣ ያልታሰበ ቆጠራ ማካሄድ ያስፈልጋል። ኤምስን ያጋለጠው የባንክ ደብተር እንደነበር እናስታውስ። ፖሊግራፍ እነዚህን ሲተካ የሚያስከትለው ጉዳት ንጹሐንን ከማባረር ይሰፋል፤ «አልፏል» የተባለውን ሰው ከዚያ በኋላ የሚመለከተው አይኖርም።

ወድቀሃል ተብያለሁ፤ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ውጤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «ወድቋል» እና «ውጤቱ አልለየም» የተለያዩ ናቸው፣ ሁለተኛው ድጋሚ ምርመራ ሊያሰጥ ይችላል። ግራፉ በሌላ መርማሪ፣ የእርስዎን ጉዳይ በማያውቅ ሰው፣ እንዲነበብ ይጠይቁ፤ ሁለት መርማሪዎች አንዱን ግራፍ ለየብቻ ማንበባቸው በጥሩ ተቋማት የተለመደ ነው። በክፍሉ ውስጥ ምን ተጠይቀው ምን እንደመለሱ ትዝታው ሳይደበዝዝ በዚያው ቀን ይጻፉ። ውሳኔው በፖሊግራፉ ብቻ ላይ የቆመ ከሆነ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

በምርመራው ላይ የተናገርኩት ነገር የት ይደርሳል?

ከመፈረምዎ በፊት የስምምነት ቅጹን ያንብቡ፤ መልሱ እዚያ ላይ ነው። በብዙ ተቋማት ክፍለ ጊዜው በድምፅና በምስል ይቀረጻል፣ መዝገቡ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ለሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሊተላለፍ ይችላል። ግራፉ ንጹሕ ቢሆንና ምርመራውን ቢያልፉ እንኳ፣ በቅድመ ቃለ መጠይቁ ወይም ከግራፉ በኋላ በነበረው ጭውውት የተናገሩት ሁሉ እንደ ምስክርነት ቃል ይመዘገባል። ቅጹ መረጃው ለማን እንደሚሰጥና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የማይገልጽ ከሆነ፣ ይህ በጽሑፍ እስኪታከልበት ድረስ አለመፈረም መብትዎ ነው፤ ፊርማውን መከልከልዎ የሥራ ዕድሉን ሊያሳጣዎት እንደሚችል ግን አስቀድመው ይወቁ።